አጭሩ እና ምንሽሩ

ወንድሜ ጠመንጃ ሲያነግት ማንገቻው ቆዳ ትከሻው ላይ ሲጥ ይል ነበር። ያን ጊዜ እኔ የሃያ አንድ ዓመት ሴት ነኝ፤ እሱ አሥራ ዘጠኝ ይሆነዋል። ያን ሲጥታ በሰማሁ ቁጥር አንጀቴ ያርር ነበር። ለዚህ ስሜት ብዙ ዓመት ሌላ ስም ስፈልግለት ኖሬአለሁ። እልህ ነው ብያለሁ፣ ቁጭት ነው ብያለሁ፣ ሴት በመሆኔ የደረሰብኝ በደል ነው ብዬም ለጓደኞቼ አውርቻለሁ። በደሉ አልነበረም አልልም፤ ስሜቱ ግን ቅናት ነበር። ጥሬ ቅናት።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ቤታችን ደሃና ውስጥ፣ ከአምደወርቅ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ርቆ ገደል አፋፍ ላይ ካለ መንደር ነበር። ላይ ከቤቱ ዙሪያ ገብስ እንዘራለን፤ ታች ከወንዙ ዳር ማሽላ። እኔ በአሥራ አምስት ዓመቴ ከስድስተኛ ክፍል አስወጥተው ድረውኝ፣ አራት ዓመት ትዳር ላይ ቆይቼ፣ ሳልወልድ ተፋትቼ ተመልሻለሁ። እናታችን ቀደም ብላ ሞታለች። ፈት ሆና አባቷ ቤት የተመለሰች ሴት ሥራ ስትፈልግ አትውልም፤ ሥራው ራሱ ፈልጎ ያገኛታል። እኔን ያገኘኝ የታችኛው ማሽላ ጥበቃ ነው። ቀን ቀን ዝንጀሮ ይወርድበታል፤ ወደ ማታ ከርከሮ።

አባቴ በአገሩ የታወቁ አዳኝ ነበሩ። ሁለት ጠመንጃ ነበራቸው። አንደኛው ከአያታችን የመጣ ምንሽር ነው፤ ረጅም፣ ከባድ፣ ሲተኮስ እንደ በቅሎ የሚራገጥ። አንድ ቀን ሞክሬው ትከሻዬ ሳምንት ሙሉ ጠቁሮ ሰንብቷል። ሁለተኛው ከጣሊያን የቀረ አጭር ጠመንጃ ነው። የፋብሪካ ስሙን የሚያውቅ ስላልነበረ በቤታችን “አጭሩ” ነበር የሚባለው። ጥይቱ ቀጭን ሆኖ ረዘም ያለ ነው። ኋላ ከአንድ የቀድሞ ወታደር እንደሰማሁት የአጭሩ ጥይት ስድስት ሚሊ ሜትር ተኩል፣ የምንሽሩ ደግሞ ስምንት ሚሊ ሜትር ነው። የአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ልዩነት! ለዚያች ልዩነት ያጣሁትን ሳስበው አንዳንድ ቀን ሳቄ ይመጣል፤ አንዳንድ ቀን አይመጣም።

አባቴ ዝንጀሮ እንዳባርርበት አጭሩን ሰጡኝ። መጀመሪያ የሰጡኝ ለማስፈራሪያ ነበር፤ ወደ ሰማይ ተኩሼ እንድመለስ። እኔ ግን ማነጣጠር ወደድኩ። ትንፋሼን ይዤ ቃታውን በቀስታ ስስብ፣ ከፊቴ ያለው ድንጋይ ብቻ ቀርቶ ሌላው ነገር ሁሉ ይጠፋል፤ ባሌም፣ የባሌ እናትም፣ መፋታቴም። አባቴ ይህን ያዩት በሁለተኛው ዓመት ነው። ከወንዙ ማዶ አንዲት ነጭ ድንጋይ አሳይተውኝ መታሁ። ከዚያ ከእሷ ያነሰች አሳዩኝ፤ መታሁ። አባቴ ደስ ሲላቸውም ሲከፋቸውም የሚናገሩት በአካባቢያችን ቋንቋ በኽምጣንጋ ነበር፤ አማርኛ ደስታም ሐዘንም ለሌለበት ቀን ነው። ያን ቀን ወደ ቤት ስንወጣ ለራሳቸው በኽምጣንጋ ሲያጉረመርሙ ሰማሁ፤ ደስ ብሏቸው እንደሆነ ከአረማመዳቸው አወቅሁ።

እዚህ ላይ ስለ አገሬ አደን አንድ ነገር ልናገር። የሌላ አገር አዳኝ ጠመንጃ ሲመርጥ አውሬው በቆመበት ክው ብሎ እንዲቀርለት ይፈልጋል። በእኛ ቤት ግን አውሬው ቢላዋ ሳይደርስበት መሞት የለበትም። ሚዳቋም ይሁን ሰስ፣ ድኩላም ይሁን፣ የሚበላው ነፍሱ ሳትወጣ በስመ አብ ተብሎ ሲታረድ ነው። ቢላዋው የደረሰው ነፍሱ ከወጣ በኋላ ከሆነ በክት ነው፤ ለአሞራ ይጣላል። ቢላዋውን የሚይዘው ደግሞ ወንድ ነው። ሴት አታርድም። ዶሮ እንኳ ሲያስፈልገን መንገድ ላይ ወንድ እንጠብቃለን። ስለዚህ እኔ ተኩሴ የቱንም ያህል ቢያምር፣ የጣልኩትን አውሬ ሥጋ የሚያደርገው የወንድሜ ቢላዋ ነው።

ይህ ነው ያንጨረጨረኝ። ወንድሜ ክፉ ልጅ ቢሆን እኮ ይቀለኝ ነበር። ሳቂታ ነው፣ ሰው ይወደዋል፣ በሰርግ ዘፈን የሚያወጣው እሱ ነው። ተኩስ ላይ ግን ችኩል ነው። ምንሽሩን ይወድዳል፤ የሚወድደውም ድምፁን ይመስለኛል። ገደሉ ሲመልስለት ፊቱ ይበራል። አንድ አውሬ ጥሎ በመጣ ቀን ዘራፍ እያለ ወደ መንደር ሲገባ ሴቶች እልል ይላሉ፤ እኔም ከሴቶቹ ጋር ቆሜ እልል እላለሁ። እልልታዬ ከሁሉም ይረዝም ነበር። ቅናቴ እንዳይታወቅ ነው።

አንድ ዓመት መስከረም ላይ ቀበሌው አዲስ ትእዛዝ አመጣ። አንድ ቤት ሊይዝ የሚችለው አንድ ጠመንጃ ነው፤ እሱም በአንድ ሰው ስም አምደወርቅ ላይ ይመዘገባል፤ ትርፍ ያለው ጾመ ነቢያት ሳይገባ ያስረክብ ተባለ። አባቴ ያን ቀን ሁለቱን ጠመንጃዎች አውርደው ቁርበት ላይ ጎን ለጎን አስተኟቸው። ከእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጥይት አውጥተው ራስጌያቸው ላይ አቆሙ።

“እንግዲህ አንዱ ነው የሚቀረው” አሉ። “ከሚዳቋ እስከ ከርከሮ ለሁሉም የሚሆን አንድ። የቱ ነው?”

ወንድሜ አላመነታም። “ሁለቱንም ሰጥተን ለምን ክላሽ አንለውጥም አባየ? ጥይቱ ሰቆጣ ገበያ እንደ ልብ ነው።”

“ክላሽ ሠላሳ ጥይት ይዛ ትመጣለች። ሠላሳ ጥይት ያለው ሰው አያነጣጥርም። ሌላ በል።”

“እንግዲያው ምንሽር። የትም ይምታ የት ይጥላል።”

“ለዚህ ነው እኮ አንተ የትም የምትተኩሰው” አሉና ሳቁበት። እሱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “አንቺስ?”

እኔ ይህችን ጥያቄ ስጠብቅ ከርሜአለሁ። “አጭሩ ነው አባየ” አልኩ። “ምንሽሩ ትንሹን አውሬ ሥጋውን ይበትነዋል። አጭሩ ቀዳዳው ትንሽ ነው፣ ሥጋ አያበላሽም፤ በቦታው ከገባ ግን ከርከሮም ይጥላል። ደግሞ ቶሎ አይገድልም። ቢላዋ ይጠብቃል።”

“ጥይቱስ? አጭሩ ጥይቱ ከገበያ ጠፍቷል” አለ ወንድሜ። እውነቱን ነው። በጎታው ሥር በቅል የተቀመጠች አንዲት ክምችት ብቻ ነበረችን።

“የማይስት ሰው ከያዘው ያቺ ቅል ትበቃለች” አልኩት። ሳልፈልግ ድምፄ ከረረ። አባቴ አዩኝ።

“እናየዋለን” አሉ። “ጥቅምቱን ሁለቱም ይሞከራሉ። የእኔ ዓይን ደክሟል፤ ከእንግዲህ የሚይዘው ሰው ነው በስሙ የሚያስመዘግበው።”

ያን ቃል እንደሰማሁ ሌላ ነገር አልታየኝም። ምንሽሩ ካሸነፈ የወንድሜ ነው፤ እኔ ላነሣውም አልችል። አጭሩ ካሸነፈ ግን ከእኔ በቀር ማን ሊይዘው ነው? ስሜ ወረቀት ላይ ይጻፋል። ስሜ በወረቀት የሰፈረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሽማግሌዎቹ የፍቺ ስምምነት ሲጽፉ። ለዚያኛው ወረቀት ማርከሻ ይሆነኛል ብዬ ይህን ወረቀት ተመኘሁት። እህል ውኃ ሳይቀር ከለከለኝ።

የመጀመሪያው ሙከራ የእኔ ነበር። ማሽላው ጥግ ላይ አንዲት ሚዳቋ ወጣች። አጭሩ ጠብ አደረጋት፤ ራሷን ቀና አድርጋ እንደተኛች ወንድሜ ሮጦ ደረሰና አረዳት። ቀዳዳዋ ትንሿን ጣት አታስገባም። ቆዳዋ እንኳ ሙሉ ሆኖ ተገፈፈ። አባቴ ቀዳዳዋን በእጃቸው ዳሰው “ጥሩ ነው” አሉ። ሥጋውን ተሸክሞ ወደ መንደር የወጣው ግን ወንድሜ ነው። ጎረቤቶቻችን “እሰይ የእኔ ጀግና!” እያሉ ጉንጩን ሳሙት። እሱ የሚገባውን ያህል ጨዋ ነበርና “የጣለቻት እህቴ ናት” አለ። ማንም አልሰማውም። እኔ ግን ሰማሁት፤ ሰምቼም አላመሰገንኩትም። ይባስ ብሎ በጨዋነቱም ቀናሁበት።

በሳምንቱ እሱ በምንሽሩ ሰስ መታ። ሰስ ከፍየል ታንሳለች። ጥይቱ በጭኗ ገብቶ የኋላ እግሯን ከነሽንጧ ይዞት ሄደ። ነፍሷ ሳትወጣ ደርሶባታል፤ ታርዳለች፤ ሥጋዋ ግን ግማሹ አፈርና የአጥንት ስብርባሪ ነበር። አባቴ ስብርባሪውን ከሥጋው ላይ በጣታቸው ለቀሙ። እኔ ምራቄን ዋጥኩ። ደስታ ነበር የዋጥኩት፤ አፍሬ ነው እንጂ ዘራፍ ማለት አምሮኝ ነበር።

ቀጥሎ ከርከሮ። ይህ ለመብል አይደለም፤ የማሽላ ጠላት ነው። ወደ ማታ ከቁጥቋጦው ወጥቶ አገዳውን ሲሰብር አጭሩን ከጆሮው ሥር አሳረፍኩበት። ሁለት እርምጃ ሄዶ ተኛ። ወንድሜ መጥቶ በእግሩ ገለበጠው።

“ዕድልሽ ነው እት ዓለም” አለ እየሳቀ። “አንድ ጣት ዝቅ ብሎ ቢሆን ይዞሽ ይሄድ ነበር።”

ለወትሮው ቀልድ ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ሱሪውን ጎትቼ አብሬው እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን “ዕድል” የምትለዋ ቃል ሆዴ ገብታ ቀረች። አዳሯን እዚያው አደረገች።

ድኩላው የመጣው ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ነው። ማለዳ ነበር። አባቴ ራሳቸውን አሟቸው ቤት ቀርተዋል። ወንድሜ ምንሽሩን ይዞ አፋፉ ላይ ተቀምጧል፤ እኔ አጭሩን ይዤ ታች ወንዙ ዳር፣ ማሽላው ሥር ነበርኩ። በመካከላችን ገደል ነው። ከአፋፉ እኔ ወዳለሁበት የሚያወርድ አንድ ጠባብ መንገድ አለ፤ እየሮጡ ሲወርዱት ሦስት አቡነ ዘበሰማያት ተደግሞ እስኪያልቅ ያህል ይፈጃል። በቀስታ የሚወርድ ሰው የዚያን ሦስት እጥፍ ይቆያል፤ ምክንያቱም ጠጠሩ ያንሸራትታል፣ ብዙ ሰው እግሩን ሰብሮበታል።

ምንሽሩ ጮኸ። ገደሉ መለሰለት። ቀና ስል አንድ ወንድ ድኩላ፣ ቀንዱ የዞረ፣ ቁልቁለቱን እየተንደረደረ ወደ እኔ ሲመጣ አየሁ። አጭሩን አነሣሁ። ነገር ግን መተኮስ አላስፈለገም፤ ከእኔ አሥር እርምጃ ሲቀረው ጉልበቱ ከዳውና በጎኑ ወደቀ። ጥይቱ ከትከሻው ኋላ ገብቶ በማዶ ወጥቷል። ሥጋው አልተበተነም። ሆዱ አልተነካም። ጎድኑ ከፍ ዝቅ ይላል። በቃ፣ ያማረ ምት ነበር። በሕይወቴ ካየሁት የወንድሜ ተኩስ ሁሉ ያማረው ያ ነው። ምንሽሩ ትልቅ አውሬ ጥሏል፣ ሥጋ አላበላሸም፣ ለቢላዋም ነፍስ አስተርፏል።

ወንድሜ ከላይ ቁጥቋጦው ከልሎት አይታየውም። ድምፁን ሰማሁት።

“እት ዓለም! ነፍስ አለው?”

ይህ ጥያቄ በእኛ አገር ቀላል ጥያቄ አይደለም። አለው ከተባለ አንገቱ ይሰበር እግሩ ሳይል ይሮጣል። የለውም ከተባለ መሮጥ ከንቱ ነው፤ በሞተ ላይ የሥላሴ ስም አይጠራም።

ድኩላው ዓይኑን ከፍቶ ያየኛል። “ጀግና” እያሉ ጉንጩን ሲስሙት ታየኝ። እኔ እልል ስል ታየኝ። አምደወርቅ ላይ ስሙ ሲጻፍ፣ አጭሩ ከማሽላዬ ሲወሰድ ታየኝ።

“የለውም!” አልኩ። “ሞቷል!”

ቆይቶ “አይ ምንሽር!” ሲል ሰማሁት፤ ያዘነ ድምፅ ነው። ከዚያ በቀስታ መውረድ ጀመረ። ጠጠሩ ከእግሩ ሥር ሲንከባለል ይሰማኛል። ድኩላው መሬት ላይ በጎኑ እንደተኛ በፊት እግሮቹ አፈሩን ይቧጥጣል። ይቧጥጥና ያርፋል። እንደገና ይቧጥጣል። ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። “ተሳስቻለሁ፣ ነፍስ አለው፣ ሩጥ!” ማለት ነበር። ብጠራው ሮጦ ይደርስ ነበር። ቅናት እንዲህ ዓይነት ነገር ነው፤ ሰው አፉን ከከፈተ በኋላ እንኳ ይዘጋዋል። ወንድሜ ከመድረሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ድኩላው ሰውነቱን ዘረጋና ዝም አለ።

ወንድሜ ተንበረከከ። ሣር ነቅሎ የዓይኑን ብሌን ነካ አደረገው። አልተንቀሳቀሰም። ቢላዋውን ወደ አፎቱ መለሰ።

“ገና ትኩስ ነው” አለ።

“አሁን ነው የሞተው” አልኩ። ከዚያ ቶሎ ብዬ “እንደወደቀ ነው” አልኩ። እሱ ልብ አላለውም። ምንሽሩን ከትከሻው አውርዶ ድንጋይ ላይ አስደገፈው፤ ልጅ ሆኖ ሳውቀው እንደሚያለቅሰው አፉን በእጁ ይዞ አለቀሰ። አያታችን የያዙት ጠመንጃ ነው። ያን ጊዜም አልነገርኩትም።

ከሰዓት በኋላ አባቴ ሕመማቸውን ችለው በምርኩዝ ወረዱ። በክት መሆኑን ሰምተዋል፤ ይህን የሚያህል ድኩላ ለአሞራ ሲቀር በዓይናቸው ማየት ፈልገው ነው። ቁስሉን አዩ። የገባበትን፣ የወጣበትን። ከዚያ መሬቱን አዩ። ድኩላው የቧጠጠው አፈር እንደ ማጭድ የታጠፈ ጎድጓዳ ሠርቷል፤ አንዱ በአንዱ ላይ፣ ብዙ ጊዜ። መሬቱን መጥረግ አላሰብኩም ነበር። አባቴ ምርኩዛቸውን ጎድጓዳው ውስጥ አቆሙና ቀና ብለው ወደ አፋፉ አዩ፤ መንገዱን በዓይናቸው እየለኩ ነው። ከዚያ እኔን አዩኝ። ወንድሜ ቅርንጫፍ ሊቆርጥ ሄዶ ነበር። አባቴ አንድ ቃል በኽምጣንጋ ተናገሩ፤ ለእኔ አልነበረም። ወጡ።

አምደወርቅ የሄድነው ጾሙ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ምንሽሩን አህያው ላይ በብርድ ልብስ ጠቅልለን ጭነነዋል፤ ሊረከብ ነው። አጭሩን አባቴ ራሳቸው ይዘውታል። እንግዲህ ምርጫው ታውቋል ማለት ነው። መንገዱን ሁሉ እግሬ መሬት አልነካም። ነጠላዬን አጥቤ ለብሻለሁ፤ ፀጉሬን ተሠርቻለሁ። ወንድሜ ከፊት አህያውን ይነዳል፤ አንድ ጊዜ ዞሮ “እንኳን ደስ ያለሽ እት ዓለም” አለኝ። እሱም የእኔ መስሎታል።

ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ያለው ጸሐፊ የአጭሩን ቁጥር አገላብጦ ጻፈ። “በማን ስም ይሁን?” አለ።

አባቴ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ትንሽ ቆዩ። አሁን ተናገሪ የሚሉኝ ይመስል ነበር፤ ይህ ኋላ ነው የገባኝ። እኔ ፈገግ አልኩ። ከዚያ የወንድሜን ስም ጠሩ።

ወንድሜ ራሱ ደነገጠ። “አባየ፣ አጭሩ እኮ የሷ ነው።”

“ጻፍ” አሉት ጸሐፊውን።

መልስ ላይ አባቴ ወንድሜን ከአህያው ጋር እንዲቀድም አደረጉና ከእኔ ጋር ወደ ኋላ ቀሩ። ለመጠየቅ እንኳ አላበቁኝም።

“አጭሩ እንደሚሻል የማውቀው አንቺ ሳትወለጂ ነው” አሉ። “ለዚህ አገር አውሬ ያቺ ቀጭን ጥይት ትበቃለች። የማን እጅ እንደሚሻልም አውቃለሁ። ነጯን ድንጋይ የመታሽ ለት ቆርጫለሁ።”

“ታዲያ ሙከራው ምን ነበር?”

“ለወንድምሽ ነው። በዓይኑ አይቶ፣ ሆዱ ሳይሻክር እንዲተውልሽ።” ጥቂት ሄድን። “በስምሽ ላጽፈው ነበር የወጣሁት። ዛሬ ጠዋት እንኳ፣ እዚያ ወንበሩ ፊት ቆሜ እንኳ። አንድ ቃል ብትናገሪ ይበቃኝ ነበር።”

ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ።

“ነፍስ ያለውን በክት ያደረገ ሰው፣ እኔ በሕይወት ሳለሁ ጠመንጃ አይነካም” አሉ። “ለወንድምሽ አልነግረውም። እሱን አንቺ ታውቂያለሽ።”

በማግስቱ ወደ ማሽላው ስወርድ አባቴ በራፉ ላይ ወንጭፍ አስቀምጠውልኝ አገኘሁ። አዲስ የተገመደ ነበር። ሁለት ዓመት በወንጭፍ ጠበቅሁ። ወንድሜ አንዳንድ ቀን አባቴ ሳያዩ አጭሩን ሊያቀብለኝ ይሞክራል፤ “ያዢው፣ ምን አለበት” ይለኛል። ትከሻዬን ያመኛል እለዋለሁ። ማንገቻው ሲጥ ሲል ግን እሰማለሁ። ቅናቱ አለቀቀኝም። የእኔ ሊሆን የነበረ ነገር ሌላ ሰው ትከሻ ላይ ሲሄድ ማየት ከድሮውም የባሰ ነው።

ከዚያ ሰቆጣ ገባሁ። ያቋረጥኩትን ትምህርት በማታ ጨርሼ መዝገብ ቤት ሥራ ያዝኩ። የሰው ስም በወረቀት ላይ ስጽፍ እውላለሁ። ወንድሜ በበኩሉ በአገሩ ስለ ጠመንጃ የሚጠየቅ ሰው ሆነ። ገበያ ሲመጣ እኔ ዘንድ ያርፋል፤ ስለ መሣሪያ ምክር የሚፈልግ ገበሬ እዚያው ይመጣበታል። ለሁሉም የሚመክረው አንድ ነው። “ምንሽር አትያዝ፤ ይገድላል እንጂ አያቆይም። እኔ ራሴ ይህን የሚያህል ድኩላ በክት ሆኖብኛል።” ሰውየው አንገቱን ነቅንቆ ይሄዳል። እንዲህ እያለ ወሬው ደሃናን አዳርሶ ጽጽቃ ድረስ ወረደ። አንድ ቀን መዝገብ ቤት ወረፋ የያዘ የማላውቀው ሰው ለጓደኛው “ምንሽር እኮ በክት ያደርጋል” ሲለው ሰምቼ ብዕሬ ቆመ። የአንድ አገር ሰው በእኔ ውሸት ጠመንጃ ይመርጣል።

አባቴ ያረፉት ብዙም ሳይቆይ ነው። ቃላቸውን ጠብቀዋል፤ ለወንድሜ አልነገሩትም። ለተስካራቸው ወደ መንደር ወጣሁ። ዳሱ ሞልቷል። እኔ ጠላ እየቀዳሁ ሳልፍ ወንድሜ ከሽማግሌዎቹ መካከል ተቀምጦ ያቺኑ የድኩላ ታሪክ ያወራል። ሲያየኝ ፊቱ በራ።

“ይቺውና፣ ምስክሬ መጣች! እት ዓለም፣ አንቺ አይደለሽ አጠገቡ የነበርሽ? እንደወደቀ አይደለም የሞተው?”

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ማሰሮው በእጄ ነው።

“እንደወደቀ ነው” አልኩ።

ምግቡ ካለቀ በኋላ ለአባቴ ክብር ሊተኮስ ሆነ። ወንድሜ ተነሥቶ ወደ እኔ መጣ። አጭሩን ከትከሻው አወረደው፤ ማንገቻው ሲጥ አለ። በሁለት እጁ ዘረጋልኝ።

“አንቺ ተኩሺላቸው” አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። “የሳቸው እጅ የወረደው አንቺ ላይ ነው። እኔ ይህን አውቃለሁ። ለምን በእኔ ስም እንዳደረጉት ዛሬም አልገባኝም፤ ሁልጊዜ ሰርቄሽ የያዝኩት ይመስለኛል። ይቅር በይኝ።”

ዘወትር የቀናሁበት ጠመንጃ ከደረቴ ፊት ነበር። እጄ አልተነሣም። “እጄ ረስቷል” አልኩት። እሱ አዝኖ ወደ ደጅ ወጣና ተኮሰ፤ ገደሉ መለሰለት።

ወንድሜ ማንበብ ስለማይችል ይህን ጽሑፍ ለገና ወደ መንደር ስወጣ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ አነብለታለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ድምፄ እንዳይጠፋ እፈራለሁ፤ ስለዚህ ቃሉን አሳጥሬ ጽፌዋለሁ። ወንድሜ፣ ድኩላው ነፍስ ነበረው። ብትሮጥ ትደርስ ነበር።